ዋይፋዩም 1፣ ኬብሉም 1፣ ዶንግሉም 1

ነገሩ የጀመረው ፓኬጄ ያለቀ ቀን ነው። ላፕቶፔ ላይ ያለው ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሲስተም) ማሻሻያውን ያወርዳል፣ እኔ ደግሞ ዋይፋይ ላይ ያለሁ መስሎኝ ዝም ብያለሁ። ለካ ኢንተርኔቱ የሚመጣው በዩኤስቢ ከሰካሁት ዶንግል (ሲም ካርድ የሚገባበት የሞባይል ኢንተርኔት መሣሪያ) ነው። የወሩ ዳታ በአንድ ከሰዓት ተሟጠጠ።

በዚያው ማታ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፦ ኢንተርኔቱ በየትኛው ኢንተርፌስ (ኮምፒውተሩ ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝበት በር) እንደሚወጣ ታያለች፣ በሞባይል ከሆነ ማውረዱን ታቆማለች። ቢበዛ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ወሰደችብኝ።

መጀመሪያ በስም ልለይ አሰብኩ፤ ግን ወዲያው ተውኩት። የኢንተርፌስ ስም ማንም የሚቀይረው ነገር ነው። ሊኑክስን የሚያስነሳው ሲስተምዲም እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የኔትወርክ ካርዱ የተሰካበትን ቦታ አይቶ የራሱን ስም ያወጣል። ስለዚህ የሊኑክስን እምብርት፣ ከርነሉን ራሱን ልጠይቅ አልኩ።

ከርነሉ መልስ አለው። ሲስ በሚባለው ዳይሬክተሪ ክላስ፣ ከዚያ ኔት ብላችሁ ስትገቡ እያንዳንዱ ኢንተርፌስ የራሱ ፎልደር አለው። ውስጡ ታይፕ የሚባል ፋይል ታገኛላችሁ። ስትከፍቱት ቁጥር ነው። የኬብሉ 1 አለኝ። ሉፕባክ (ኮምፒውተሩ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት ኢንተርፌስ) 772 አለኝ። ጥሩ ነው አልኩ። ዋይፋዩን ስከፍት እሱም 1።

ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ኮድ) ችግር አለበት ብዬ ግማሽ ቀን ስቆፍር ዋልኩ። ድራይቨሩ ምንም አልሆነም። ያልገባኝ የቁጥሩ ትርጉም ነበር።

ቁጥሮቹ የመጡት ከኤአርፒ ነው። ኤአርፒ የአይፒ አድራሻ የየትኛው ካርድ እንደሆነ የሚያጣራ ፕሮቶኮል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ። እያንዳንዱ የኤአርፒ መልእክት መጀመሪያ ላይ የሃርድዌር ዓይነት የሚጻፍበት 16 ቢት አለ፣ ኢተርኔት (የኬብል ኔትወርክ ደንብ) እዚያ 1 ነው። ሊኑክስ ያንን ዝርዝር ወሰደ። ኤአርፒ ለማይመለከታቸው ደግሞ ከ256 ጀምሮ የራሱን ቁጥሮች ጨመረ። ቁጥሮቹ በተጻፉበት የከርነሉ ኮድ ፋይል ውስጥ ከ1 አጠገብ ዛሬም «ኢተርኔት 10 ሜጋቢት በሰከንድ» የሚል ማስታወሻ አለ። ካርዳችሁ ከዚያ መቶ እጥፍ ቢፈጥንም ቁጥሩ ያው 1 ነው።

ታይፕ የሚነግረን እሽጉን ነው፦ የ6 ባይት አድራሻ፣ የ14 ባይት ሄደር (ከጭነቱ በፊት የሚመጣ መግለጫ)፣ እስከ 1500 ባይት ጭነት። የዋይፋይ ድራይቨር የአየሩን ጣጣ እታች ይጨርስና ለከርነሉ የኢተርኔት ፍሬም (እሽግ) ያቀርባል። ከላይ ላለው የኔትወርክ ኮድ ኬብልና ዋይፋይ አንድ ናቸው። ይህን ለማየት ዋይፋዩን በአየር የሚያልፈውን እንዳለ ወደሚያዳምጥበት ሞኒተር ሞድ ቀየርኩት። ታይፑ 803 ሆነ። ካርዱ ያው ነው፣ የተለወጠው የፍሬሙ መልክ ነው። ፕሮግራሜ ደግሞ ቁጥሩን ስትነሳ አንዴ አንብባ ትይዝ ነበር። ከዚያ በኋላ በየጊዜው እንድታነብ አደረግኳት።

ዋይፋይን የሚለየው ሌላ ፋይል ነው። ዩኢቨንት የሚባለው ውስጥ ዴቭታይፕ የሚል መስመር አለ። ዋይፋይ ከሆነ ደብሊውላን ይላል፣ የሞባይል ሞደም ከሆነ ደብሊውዋን፣ ብሪጅ (ኢንተርፌሶችን የሚያገናኝ) ከሆነ ብሪጅ። ተራ የኬብል ካርድ ይህ መስመር የለውም። እኔም «መስመሩ ከሌለ ኬብል ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከሁሉ የከፋው ስህተቴ ይሄ ነው።

የጓደኛዬን ዶንግል ተውሼ ስሞክር ሁሉም ነገር ሠራ። ደብሊውዋን ብሎ ራሱን አስተዋወቀ። ታይፑ 65534 ነበር፤ የኢተርኔት ሄደር ሳይጨምር አይፒውን ብቻ ስለሚያስተላልፍ። (ዋየርጋርድ ቪፒኤንም ይህንኑ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ 65534 ብቻውን ሞባይል ማለት አይደለም።) ደስ ብሎኝ የራሴን ዶንግል ሰካሁ። ታይፕ 1፣ ዴቭታይፕ የለም። ፕሮግራሜ ኬብል ነው ብላ ማውረድ ቀጠለች። ፓኬጄ ለሁለተኛ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ነው የነቀልኩት።

የኔ ዶንግል ሞደም ብቻ አይደለም፣ ትንሽ ራውተር ነው። ከሞባይል ኔትወርኩ ጋር የሚገናኘው ራሱ ነው፣ ለላፕቶፑም የራሱን አይፒ ያድላል። ከርነሉ የሚያየው የዩኤስቢ ኢተርኔት ካርድ ብቻ ነው። የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። ጥያቄዬ ነው የተሳሳተው። እኔ ማወቅ የፈለግኩት የካርዱን ዓይነት አልነበረም፣ በዚያ መንገድ የሚያልፈው ዳታ ያስከፍለኛል ወይ የሚለውን ነው።

በዚህ ጥያቄ ሳየው ዋይፋዩም አያስተማምንም። የስልክ ሆትስፖት ለላፕቶፑ ዋይፋይ ነው፣ ከኋላው ያለው ግን የሞባይል ፓኬጅ ነው። ደግነቱ አንድሮይድ ሆትስፖት አይፒ ሲያድል «ይህ የሚቆጠር ዳታ ነው» የሚል ምልክት አብሮ ይልካል። የሊኑክስን ግንኙነቶች የሚያስተዳድረው ኔትወርክማናጀርም ያነበዋል። ይህን ሳገኝ ከጻፍኩት ኮድ ግማሹን ሰረዝኩ።

አሁን ፕሮግራሟ መጀመሪያ ኔትወርክማናጀርን ትጠይቃለች። ቁርጥ ያለ መልስ ካጣች ዴቭታይፕን ታያለች። እዚያም ከሌለ የድራይቨሩን ስም ታነባለች። ሲዲሲ ኢተር ወይም አርኤንዲአይኤስ (በዩኤስቢ የሚሄድ ኔትወርክ ድራይቨሮች) ከሆነ ከዩኤስቢው ማዶ ዶንግል ወይም ስልክ ሊኖር ይችላል። ያኔ «አላውቅም» ትላለች። ይህን ሦስተኛ መልስ መጨመር ነበረብኝ፤ በፊት እውነት ወይ ሐሰት ብቻ ነበር የምትመልሰው።

አላውቅም ስትል ማውረዱ ይቆማል፣ መስኮት ከፍታም ትጠይቀኛለች። የመለስኩላትን ከካርዱ አድራሻ ጋር ትመዘግባለች። አንዳንድ ስልኮች በገመድ በተሰኩ ቁጥር አዲስ አድራሻ ስለሚይዙ ለነሱ ደግማ ትጠይቃለች። ትናንት የወንድሜን ስልክ ሰክቼ ሁለቴ ጠየቀችኝ። ሁለቴም መለስኩላት።