እናቴን የጣላት እኔ ያሠራሁላት ሊሾ ነው

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለው ቤቷ ንቅንቅ አልልም ብላ ብቻዋን ትኖራለች። አምና ታኅሣሥ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ጎረቤት ወጌሻ ሊጠራ ሲል ደርሼ ራጅ ወዳለበት ወሰድኳት።

እንዴት እንደወደቀች ብጠይቃት «አዞረኝ» ብቻ። ስለዚህ አብሬያት አደርኩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሽንት ብድግ አለች፤ ወዲያው ግድግዳውን ያዘች። እግሯ ያረፈው አጎዛው ላይ ነበር። ወለሉ አፈር ሳለ አጎዛው ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ ካቻምና ሊሾ ሳስደርግላት የበረዶ መንሸራተቻ እንደሠራሁላት አላወቅኩም። ከዚያ ከፍ ያለው ደፍ አለ፣ ከደፉ ማዶ ደግሞ ውርጭ የመታው ግቢ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ግፊቷን ተኝታ፣ ከዚያ ቆማ አስለካኋት። የላይኛው ቁጥር ከ140 ወደ 112 ወረደ። ስትቆም 20ና ከዚያ በላይ ከወረደ ማዞሩ ከዚያ ሊሆን ይችላል አሉኝ። የግፊት ክኒኗ ሽንት የሚያሸና ኖሯል፤ እሷ የምትውጠው ማታ! ሐኪሙ ወደ ጠዋት አዛወረው። ሌሊት ሦስቴ ትነሳ የነበረችው አሁን አንዴ ነው። በጾም ውሃ ሳትቀምስ ስትውል ግን አሁንም ያዞራታል፤ የነፍስ አባቷን እንድታማክር ጨቅጭቄያታለሁ።

አጎዛውን ወደ መደቡ አወጣሁት። ደፉን ኖራ ቀባሁት፣ አልጋዋ ሥር ፖፖ አስቀመጥኩ፣ የሶላር መብራት ሰቀልኩ። እስከ ሽንት ቤቱ ደግሞ መያዣ እንዲሆናት ገመድ ወጠርኩ፤ ትልቅ ስህተት። ስትደገፍበት ረገበና ይዟት ሊሄድ ነበር። ነቅዬ የባህር ዛፍ አጣና ወገቧ ድረስ አስመታሁ።

የከበደኝ ስፖርቱ ነው። እጇን ሳትደገፍ ከወንበር አሥር ጊዜ ተነስታ እንድትቀመጥ ስነግራት «ዕድሜዬን ሙሉ ስሰግድ ኖሬ አሁን መነሳት ልታስተምረኝ?» አለች። ቡናው እስኪፈላ አብሬያት ስሠራ ግን ሳቋ መጣ፤ አሁን የጎረቤት ልጆች ይቆጥሩላታል።

ምርኩዙን እንደሆነ አልተቀበለችኝም። በሩ ሥር አቁማዋለች፤ ሰው ሲጠይቃት «ለውሻ ነው» ትላለች።