ፈተናውንም አስመርምሩት

በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር ቡና ስንጠጣ ከባልደረቦቼ ጋር ደጋግመን የምንከራከርበት ጉዳይ አለ። በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ የጻፉትን ኮድ፣ ስህተት አንብቦ በሚፈልገው መርማሪ፣ በፒኤችፒስታን ያስመረምራሉ፤ የፈተናውን ፎልደር፣ ማለትም ዋናው ኮድ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸውን ኮድ ግን ይተዉታል። «ፈተና ራሱ መርማሪ አይደለም እንዴ?» ይላሉ። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም።

ድሬዳዋ ከጅቡቲ በሚመጣ ጭነት የምትኖር ከተማ ናትና ከፕሮግራሞቻችን አንዱ የማጓጓዣ ክፍያ ያሰላል። ስሌቱን የሚሠራው ፈንክሽን (የኮዱ ክፍል) ክብደቱን በኪሎ፣ በኢንት (በሙሉ ቁጥር) ይቀበላል። የአንዱ ባልደረባዬ ፈተና ግን 250ን በትምህርተ ጥቅስ ከትቶ በስትሪንግ (በጽሑፍ መልክ) አቀበለው። ፈተናዎቹን የሚያስኬደው ፒኤችፒዩኒት «አለፈ» ብሎ አረንጓዴ አበራ! ፒኤችፒ ካልከለከሉት በቀር ቁጥር የሚመስል ስትሪንግን በዝምታ ወደ ቁጥር ይለውጣል።

የሚከለክለው በፋይሉ አናት ላይ የሚጻፈው የጥብቅነት ትእዛዝ፣ ስትሪክት ታይፕስ ነው፤ በ2015 ከወጣው ፒኤችፒ 7 ጀምሮ አለ። ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ግን ጥብቅነቱን የሚወስነው ፈንክሽኑ የተጻፈበት ፋይል ሳይሆን ጥሪው የተደረገበት ፋይል መሆኑን ነው። ፎርሙን የሚቀበለው ፋይላችን ጥብቅ ነበር፤ የፈተናው ፋይል አልነበረም። ከፎርም የሚመጣ ክብደት ደግሞ ስትሪንግ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ፈተናው «በስትሪንግም ይሠራል» ብሎ በሐሰት መሰከረ፤ ደንበኛው ፊት ግን ያው 250 ታይፕ ኤረር (የዓይነት ስህተት) አስነሳ።

ፒኤችፒስታን ከምርመራ ደረጃዎቹ ከደረጃ 5 ጀምሮ የአርጊዩመንትን፣ ማለትም ለፈንክሽኑ የሚሰጠውን ዋጋ ዓይነት ያመሳክራል። ኮዱን ሳያስኬድ፣ አንብቦ ብቻ፣ «ኢንት ይጠበቃል፣ ስትሪንግ ተሰጥቷል» ብሎ መስመሩን ይጠቁማል። የፈተናው ፋይል ጥብቅ ባይሆንም አያልፈውም።

የአሬይ፣ ማለትም የዋጋዎች ዝርዝር ነገር ደግሞ ይብሳል። ፒኤችፒ የሚያየው አሬይ መሆኑን ብቻ ነው፤ ውስጡን አይከፍትም። ከፈንክሽኑ በላይ በሚጻፈው ኮሜንት (ማስታወሻ) ላይ «የኢንት ዝርዝር» ተብሎ ቢጻፍና ፈተናው የስትሪንግ ዝርዝር ቢሰጥ፣ ስትሪክት ታይፕስ እንኳ አይደርስበትም። ኮሜንቱን አንብቦ የሚያመሳክረው መርማሪው ነው።

የቆየ ፕሮጀክት ያላችሁ በስህተቱ ብዛት አትደንግጡ፤ ቤዝላይን (መርማሪው የሚያልፋቸው የነባር ስህተቶች መዝገብ) አውጡና በአዲሱ ኮድ ላይ ብቻ ጥብቅ ሁኑ። ሆን ብሎ የተሳሳተ ዓይነት የሚሰጥ ፈተናም ይኖራል፤ ታይፕ ኤረር መነሳቱን ለማረጋገጥ የሚጻፍ ማለት ነው። እሱን በዚያው መስመር ላይ ብቻ፣ የስህተቱን መለያ ጠቅሳችሁ ዝም አሰኙት፤ ፎልደሩን በሙሉ ግን ከምርመራ አታውጡ።