ቋሊማ፣ ቶስትና ሁለት ቀልደኞች

ሊድስ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው። የፈረንጅ ገና ሲደርስ የሌሊት ተረኛ ይጠፋል። የእኛ ገና፣ ገና ስለሆነ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ አንድ አዛውንት እንቅልፍ እምቢ አላቸው። በሆዴ ጋሼ ነው የምላቸው። ሳሎን አወጣኋቸውና ቴሌቪዥን ከፈትኩ። ሁለት ሰዎች ቁርስ ይሠራሉ፤ አንዱ ረጅም ባለመነጽር፣ አንዱ አጭር። ዝነኞቹ የእንግሊዝ ቀልደኞች ኤሪክ ሞርካምብና ኧርኒ ዋይዝ ናቸው፤ በፈረንጆቹ 1976 የሠሩት የቴሌቪዥን ዝግጅት ድጋሚ። ልብስ እያወለቁ የሚጨፈርበት ዓይነት ሙዚቃ ይመጣል፤ እነሱ ቁርሱን በዜማው ልክ ይሠሩታል። ቶስቱ ከማሽኑ ሲፈናጠር በአየር ላይ ቀለብ! ከፍሪጅ ቋሊማው እንደ ገመድ ተጎትቶ ሲወጣ ጭፈራው ይደራል። አንድም ቃል የለም። እንግሊዝኛዬ ያኔ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም፤ ግን ከጋሼ እኩል ነው የሳቅኩት።

የከበደኝ የ1971ዱ የገና ዝግጅታቸው ነው። አንድሬ ፕሬቪን፣ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ዋና መሪ፣ ኮስተር ብሎ ቆሟል። ኤሪክ የሙዚቃ ደራሲውን የግሪግን ኮንቸርቶ፣ ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተውን ሥራ፣ እጫወታለሁ ብሎ ፒያኖውን ዝም ብሎ ይደበድበዋል። ፕሬቪን ኖታዎቹ ሁሉ ስህተት ናቸው ይለዋል። ኤሪክ ኮቱን ጨምድዶ ይይዘውና፣ ኖታዎቹስ ትክክል ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸው ነው እንጂ፣ ዓይነት መልስ ይሰጠዋል። ጋሼ በሳቅ ፍርስ፤ እኔ ድርቅ። ግሪግ ማን ነው? ፕሬቪንስ? ቆይቶ ነው የገባኝ። ቀልዱ ያለው እንግዳው ፊት ላይ ነው፤ ያ ትልቅ ሰው ባይኮሳተር ማን ይስቃል? ፕሬቪን ድርሻውን የሸመደደው ደግሞ ከኤርፖርት ሲመጣ ታክሲ ውስጥ ነው። ለጋሼ ደረጄንና ሀብቴን ባሳያቸው እሳቸውም እንደኔ ድርቅ ይሉ ነበር።

ኤሪክና ኧርኒን፣ ሁለት ጎልማሶች፣ ፒጃማ ለብሰው አንድ አልጋ ላይ ማየቱም ገርሞኝ ነበር። ጋሼ ግን የድሮዎቹ የፊልም ቀልደኞች ሎሬልና ሃርዲም እንዲሁ ነበሩ አሉና ዘጉኝ።

ኧርኒ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ እዚሁ ሊድስ፣ ብራምሊ ተወልዶ፣ ሐውልቱ ሞርሊ ቆሟል። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ የሥጋ ዘመዳቸው ነው የሚመስለው።

ያን ሌሊት የኤሪክንም ዘዴ አሳዩኝ። የመድኃኒት የወረቀት ከረጢት አነሱ። የሌለ ድንጋይ ወደ ላይ ወረወሩ፣ በዓይናቸው ተከተሉት፣ ከረጢቱን ደገኑለት። ጧ! ከረጢቱን በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ይዞ ማጮህ ነው ለካ። እስኪነጋ ስሞክር አደርኩ። ሦስት ከረጢት ቀደድኩ።