ኪይሆልደሩን ስንት ልሽጠው? ማንም ያልነገረኝ ሒሳብ

በእጄ ከማቀልመው የጥጥ ክር ዘርፍ ያለው ኪይሆልደር እሠራለሁ። ሥራው ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው «ስንት ነው?» ሲሉ የሚመለሰው መልስ ነው። ይህን የምጽፈው አዲስ የሚጀምር ሰው እኔ ገንዘቤን የበላኝ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ ነው።

አሠራሩን ባጭሩ ልጨርሰው። ቱባውን በደረቁ መመዘን፣ ማቅለም፣ ማጠብ፣ ጥላ ላይ ማስጣት፣ ካርቶን ላይ መጠምጠም፣ አንገቱን ማሰር፣ ጫፉን መከርከም፣ ቀለበትና መንጠቆ መግጠም። አለቀ። ክሩን ከሽሮ ሜዳ፣ ቀለበቱንና ዶቃውን ከመርካቶ አመጣለሁ።

አሁን ወደ ብሩ። ቁጥሮቹ የኔ ናቸው፤ እናንተ በምትገዙበት ዋጋ ቀይሯቸው። አንድ ዘርፍ 12 ግራም ክር ይበላል። ሲከረከም 2 ግራሙ መሬት ላይ ይቀራል፣ ግን የተከፈለበት ነው። ስለዚህ ከ100 ግራም 8 ዘርፍ እንጂ 10 አይወጣም። ክር 10 ብር፣ ቀለምና ጨው፣ ሶዳ አሽ (ቀለሙን ክሩ ላይ የሚያስይዘው ዱቄት)፣ ከሰልና ውሃ 6 ብር፣ ቀለበትና መንጠቆ 15፣ ዶቃ 5፣ ካርድና ላስቲክ 6። ድምሩ 42 ብር።

እዚህ ላይ ሥልጠና ገብቼ ነበር። ለጀማሪ ነጋዴዎች የሚሰጥ ነጻ ሥልጠና ነው። አሰልጣኙ ሰሌዳው ላይ «የዕቃ ወጪ ሲደመር 25 በመቶ ትርፍ» ብሎ ጻፈ። ጉልበቴስ አልኩት። «ጉልበትሽማ የራስሽ ነው፤ ወጪ አይባልም» አለኝ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይህንኑ ደብተሩ ላይ ገለበጠ። እስካሁን ይከነክነኛል። በሱ ሒሳብ ዋጋው 52 ብር ከ50 ነው። ነገ ትዕዛዝ ቢበዛና አንዲት ልጅ ላግዝሽ ብትለኝ ከምን ልክፈላት? ከ10 ብር ከ50? ማቅለሙን ጨምሮ አንዱ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ሰዓቱን በ80 ብር ያዝኩት፤ ስለዚህ ጉልበት 40 ብር። ታክሲና የተበላሸው 8 ብር። እውነተኛው ወጪ 90 ብር ነው። 20 ብር ትርፍ ስጨምርበት 110።

ጥቁር ቀለም ግን የራሱ ሒሳብ አለው። ለ100 ግራም ደረቅ ክር ፈዘዝ ላለ ቀለም 1 ግራም ዱቄት ይበቃል። ጥቁር ከ6 እስከ 8 ግራም ይጠጣል። ከዚያ ደግሞ በቀላሉ ታጥቦ አይጠራም። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ይገባዋል። ፈረቃው ካመለጠ ውሃው በጀሪካን ይገዛል፤ ጥቁሩም ቀዩም ጀሪካኑን እየገለበጡ ይጨርሱታል። ታጥቦ ካልጠራ የደንበኛ ነጠላ ላይ ይለቃል። እኔ ነጭ ጨርቅ አርጥቤ አሸዋለሁ። ጨርቁ ከተነካ ተመልሶ ይታጠባል። ጥቁሩ ላይ 12 ብር የምጨምረው ለዚህ ነው። እርድስ የምትሉኝ አላችሁ። ቢጫው ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፣ «ተፈጥሯዊ» ሲባልም ገዢ ይወዳል። ግን ፀሐይ ሲያገኘው ይነጣል። ኪይሆልደር ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም። አልሸጠውም።

አሁን ወደ ሱቁ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ነው።

የስጦታ ዕቃ ሱቅ ነው። ስሙን ተዉት። ባለቤቱ ዘርፎቹን አገላብጦ ወደዳቸው። «እህቴ፣ ዕቃሽን አስቀምጪ፣ ሲሸጥ እከፍልሻለሁ። የኛ 30 ፐርሰንት ነው። አንቺ ዋጋሽ ላይ 30 ጨምሪበትና ለጥፊ፣ አይነካሽም» አለኝ። 110 ላይ 30 በመቶ ሲጨመር 143 ነው። ለጠፍኩ።

ሒሳብ ሲተሳሰብ ከ143 ላይ 42 ብር ከ90 ቆረጠ። ለኔ 100 ብር ከ10 ሳንቲም ቀረ። 110 የት ሄደ? ሰውዬው 30ውን የሚቆርጠው እኔ ከጠየቅኩት ዋጋ ላይ ሳይሆን ከተለጠፈው ላይ ነው። ከ20 ብር ትርፌ ግማሹ «አይነካሽም» ውስጥ ሰምጦ ቀረ። ብነግረው፣ «30 ነው አላልኩሽም?» አለ። ብሏል። ጨምሪ ያለኝ 30 እና የቆረጠው 30 ግን አንድ አይደሉም። ደህናው መንገድ ማካፈል ነው፤ ሱቁ 30 ሲወስድ ለእናንተ የሚቀረው ከመቶ 70 ስለሆነ፣ 110ን ለ0.7 ስታካፍሉ 157 ይመጣል። 160 ትለጥፋላችሁ፣ ሱቁ 48 ይወስዳል፣ 112 በእጃችሁ ይገባል። ሱቁ 40 በመቶ ካለ ለ0.6 አካፍሉ።

ይህም ባልከፋ። በዓል ሲደርስ «20 በመቶ ቅናሽ» የሚል ወረቀት ዕቃዬ ላይ ለጠፈ። አልነገረኝም። የሰማሁት ከሱቁ ከገዛች ጓደኛዬ ነው። 143ቱ 114 ብር ከ40 ሆነ። የሱ ድርሻ ግን በድሮው ዋጋ ተሰልቶ 42 ከ90 እንዳለ ቁጭ አለ። ለኔ 71 ብር ከ50። ከወጪዬ 18 ብር ከ50 በታች ማለት ነው። በሰው ዕቃ በዓል ማድመቅ ይሉታል ይሄ ነው። ስጠይቀው፣ «ቅናሹ እኮ ዕቃሽን አንቀሳቀሰልሽ» ብሎ አመስጋኝ እንድሆን ጠበቀ።

ሌላው ጊዜው ነው። ዕቃው ዛሬ ገብቶ ብሩ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ይመጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዶላር በባንክ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። ቀለበቱና መንጠቆው ከውጭ የሚገባ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሱቅ የተቀመጠ ዕቃ በድሮ ዋጋ ተሸጦ በአዲስ ዋጋ ቀለበት ይገዛል። ስለዚህ ቀለበቱን የምታሰሉት በገዛችሁበት ሳይሆን ነገ መርካቶ በሚጠሯችሁ ዋጋ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እደውላለሁ፤ መግዛት ባልፈልግም።

«ቀጥታ ካንቺ ለሚገዛ ቀንሺለት» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አልቀንስም። ቤቴ ለሚመጣም፣ ባዛር ላይም 160 ነው። ባዛር የጠረጴዛ ኪራይ አለው፤ «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚል ደንበኛም አለ፣ እሱን የሚችል ትርፍ ያስፈልጋል። ሱቅ ያስቀመጠላችሁ ሰውም እናንተው በ110 ስትሸጡ ካየ ዕቃውን ሰብስቦ ይመልስላችኋል። እዚህ ላይ አልፈርድበትም። «ዋጋ ቀንሰሽ ገበያ ያዢ» የሚለው ምክር ለፋብሪካ ይሆናል። እኔ ያለኝ ሁለት እጅ ነው፤ ገዢ በበዛ ቁጥር ሌሊቱ ነው የሚያጥረኝ።

አሁን ዕቃ ሳስረክብ አንድ ገጽ ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ። ኮሚሽኑ ከተሸጠበት ዋጋ ላይ ይቆረጣል እንጂ ከተለጠፈው አይደለም። ቅናሽ ሳልስማማ አይደረግም፤ ከተደረገም ከሁለታችንም ድርሻ ይቀነሳል። ሒሳብ በወር ነው። ያልተሸጠ ዕቃ በሦስት ወር ይመለሳል፣ ቆሽሾ ከመጣ ግን እንደተሸጠ ይቆጠራል። የመጀመሪያው ሰውዬ ወረቀቱን አይቶ ሳቀና መለሰልኝ። ሌላ ሰፈር ያለች ባለሱቅ ግን ቁጭ ብላ አነበበች፣ ሦስት ወሩን ሁለት አድርጊው አለችኝ፣ ተስማማን፣ ፈረመች። እሷ ጋ ጥቁሩ 175 ነው፣ ሌላው 160።