ዲያዜፓም በአንድ ቀን አይቆምም

«እናቴን ሱሰኛ ያደረጋችኋት እናንተ ናችሁ!»

ልጁ ይህን ያለኝ ባዶውን የዲያዜፓም ስትሪፕ የፋርማሲያችን መስታወት ላይ ወርውሮ ነው። ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየን። እናቱን አውቃቸዋለሁ። በየወሩ ማዘዣቸውን ይዘው ይመጣሉ። ባለቤታቸው ሲሞቱ ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ተብሎ የተጀመረላቸው ነው። ለጥቂት ሳምንት የተባለው ዓመታት ቆየ።

«መቼ አቆሙ?» አልኩት።

«አምስት ቀኗ። ክሊኒክ ወስጃት ‹ይሄ ሱስ ነው፣ ዛሬውኑ ታቁም› አሉኝ። የቀረውን ጣልኩት።»

«አሁንስ እንዴት ናቸው?»

«ብሶባታል። እጇ ይንቀጠቀጣል። በር ሲንኳኳ ትበረግጋለች። እንቅልፍ የሚባል የለም። ክኒኑ ምንም አልጠቀማትም ማለት ነው።»

ደሜ ፈላ፤ በልጁ ግን አይደለም። ወረፋውን ለባልደረባዬ ትቼ ወደ ውጭ ይዤው ወጣሁ።

«ስማኝ ወንድሜ» አልኩት። «ጋባ የሚባል ኬሚካል አለ፤ የአንጎል ፍሬን በለው። የነርቭ ሴል ላይ ባለው መቀበያው፣ ማለትም ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ፣ ክሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ሴሉ ይገባል፣ ሴሉም ይረጋጋል። ዲያዜፓም እዚያው ተቀባይ ላይ፣ በሌላ ቦታ ተቀምጦ የጋባን ሥራ ያጠነክራል። ዓመታት ሲያልፉ አንጎል ይለምደዋል። ተቀባዩ ይደክማል፣ አንጎልን የሚቀሰቅሰው ወገን ይበረታል። ክኒኑን ድንገት ስትነጥቃቸው ፍሬኑ የለም። እንደሚጥል በሽታ ሊጥላቸው ይችላል።»

«አምስት ቀን አልፏት?»

«አዎ። ዲያዜፓም ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ የሚወጣ ሌላ ንጥረ ነገር አለ። የእሱ ግማሹ እንኳ እስኪወገድ እስከ 100 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። አደጋው ዘግይቶ የሚመጣው ለዚህ ነው።»

ዝም አለ። ቆይቶ «ታዲያ ሱስ አይደለም እያልከኝ ነው?» አለኝ።

ጥያቄው ከበደኝ። እናቱ ከታዘዘላቸው አንድ ፍሬ ጨምረው አያውቁም፣ ክኒን ፍለጋ አልዞሩም። ሰውነታቸው ነው የለመደው። ግን መድኃኒቱ ንጹሕ ነው ማለትም አልቻልኩም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የአይጦች ጥናት ዲያዜፓምን የመሰሉ መድኃኒቶች በዚሁ ተቀባይ በኩል ዶፓሚን የተባለው፣ ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘው የአንጎል ኬሚካል እንዲጨምር እንደሚያደርጉ አሳይቷል። ሞርፊንም በዶፓሚን በኩል ነው ሰውን የሚይዘው። ሁለቱንም ነገርኩት።

ያኔውኑ ሆስፒታል ወሰዳቸው። ዲያዜፓሙ ተመልሶ ተጀመረላቸው፤ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ እየተቀነሰ በወራት ቆመ።

በማግስቱ ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። ያነሳው ባለሙያ «ሱስ እኮ ቆርጦ መተው ነው» አለኝ። ሲጋራ ሊሆን ይችላል፣ አልኩት። አልኮልና ዲያዜፓም ግን ያንኑ ተቀባይ ይነካሉ፤ ለዓመታት የለመዳቸው ሰው በአንዴ ሲያቆም ሊሞት ይችላል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2020 በዲያዜፓምና በመሰሎቹ መድኃኒቶች ላይ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ ያስጻፈውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ሥራ አለብኝ ብሎ ዘጋው።

አሁን ዲያዜፓም ስሰጥ ለቤተሰቡም እነግራለሁ፤ አቁሙ የሚላችሁ ሰው ካለ፣ በምን ያህል ጊዜ እየቀነስን ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ክኒኑን ሳትጥሉ ወደ እኔ ኑ።