አላይደጌ ላይ ሞተር ያጠፋንበት ጠዋት

የግሬቪን የሜዳ አህያ ለማየት አፋር ክልል ወዳለው የአላይደጌ ሜዳ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ ከንቱ የቀረው አርፍደን በመነሳታችን ነው። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወጥተን ሜዳው ላይ ስንደርስ ሙቀቱ ምድሩን ያርገበግበው ጀምሮ ነበር፤ ሳላውን ከቁጥቋጦው መለየት እንኳ አልቻልንም።

በሁለተኛው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሳን፤ አንድ አፋር ስካውትም (የዱር እንስሳት ጠባቂ) ይዘናል። ስካውቱ መጀመሪያ ያደረገው ከመኪና ወርዶ ከአንድ እረኛ ጋር ዳጉ፣ ማለትም በአፋር ባህል መንገደኞች ሲገናኙ የሚነጋገሩትን ወሬ፣ መለዋወጥ ነበር። የዝናቡ፣ የከብቱ፣ የሰው ደህንነት ሳይጠየቅ ስለ አውሬ አይጠየቅም። እኔ ቸኩያለሁ። በመጨረሻ እረኛው በዱላው አቅጣጫ አሳየን፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አገኘናቸው። ያለ እረኛው ቀኑን ሙሉ ብንዞር የምናገኛቸው አይመስለኝም።

ጆሯቸው ትልቅና ክብ፣ መስመራቸው ቀጭን፣ ሆዳቸው ነጭ ነው። ግን ዓይኔ የቀረው አራት ውርንጭሎች ላይ ነው። አብሯቸው ያለው አንድ ወንድ ብቻ፤ እናቶቻቸው የሉም። የተጣሉ መስሎኝ ሹፌሩን «ጠጋ በል» አልኩት። ስካውቱ ክንዱን ያዘው።

«ሞተሩን አጥፋ። እናቶቹ ውሃ ሄደዋል። እነዚህ ከበረገጉ ሲመለሱ የት ያገኟቸዋል?»

ደነገጥኩ። አዋቂ የግሬቪ የሜዳ አህያ ውሃ ሳይጠጣ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ የምታጠባ እናት ግን ቢበዛ በሁለት ቀን አንዴ መጠጣት አለባት። ውሃው ሩቅ ስለሆነ ውርንጭላዋን ለሌላ ጠባቂ ትታ ትሄዳለች። 13 ወር አርግዛ የወለደችውን ማለት ነው። በዓለም ላይ በዱር የቀሩት 3,000 ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹም ኬንያ ውስጥ። እኛ ዘንድ ያሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ብቻ ሆነው ሳለ እኔ በአንድ ፎቶ ጉጉት አራቱን ልበትን ነበር።

ስለዚህ ለሚሄድ ሰው የምለው ይህ ነው፦ ጥሩ ባይኖኩላር ያዙ፣ ከመኪና መንገዱ አትውጡ፤ ጎማ የጨፈለቀው ሣር የእነሱም የከብቱም ቀለብ ነው። ብቻውን የቆመ ውርንጭላ ካያችሁ ደግሞ ባላችሁበት ቁሙ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ከዚያ ከአቧራው ውስጥ አራት እናቶች ተከታትለው ብቅ አሉ፤ ውርንጭሎቹም እየሮጡ ሄደው ጡት ያዙ።