ክሎዝ-አውት ኔቲንግ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ወለድ ስዋፕን (ሁለት ወገኖች የወለድ ክፍያ የሚለዋወጡበትን ውል) ጨርሼ ወደ ክሎዝ-አውት ኔቲንግ ገብቻለሁ። አንዱ ተዋዋይ ሲከስር በሁለቱ መካከል ያሉት ውሎች በሙሉ ተዘግተው፣ ዕዳው ተቻችሎ፣ አንድ ቀሪ ሒሳብ ብቻ የሚቀርበት አሠራር ነው። የማነበው የ2002ቱን (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአይኤስዲኤ፣ ማለትም የዓለም አቀፉ የስዋፕና የዴሪቬቲቭ ማኅበር፣ ዋና ስምምነት ነው።

በቁጥር እንየው። ከአንድ ባንክ ጋር ሦስት ስዋፕ አለን እንበል። በአንዱ ባንኩ 40 ሚሊዮን ዶላር አለበት፤ በሁለቱ እኛ 25 እና 10 ሚሊዮን አለብን። ባንኩ ከሰረ። ማቻቻል ከሌለ ንብረት ጠባቂው (የከሰረውን ባንክ ንብረት የሚያስተዳድረው) 35 ሚሊዮኑን ሙሉውን ይቀበለናል። ለ40ው ግን ከሌሎቹ ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ተሰለፉ ይለናል። ከመቶ 30 ቢደርሰን 12 ሚሊዮን አገኘን፣ 28ቱ ቀለጠ ማለት ነው። በኔቲንግ የምንጠይቀው 5 ሚሊዮን ብቻ ስለሆነ፣ ጭራሽ ባይከፈለንም ጉዳታችን ከዚያ አያልፍም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ጉልበቱ ያለው ክፍል 1(ሐ) ላይ ነው፤ ዋናው ስምምነትና በሥሩ ያሉት ግብይቶች ሁሉ አንድ ውል ናቸው ይላል። ስለዚህ ንብረት ጠባቂው የሚያተርፈውን መርጦ የሚያከስረውን መጣል አይችልም። ይህን አንቀጽ ሳትይዙ ወደ ፊት አትሂዱ። የአገሩ የኪሳራ ሕግም መቀበል አለበት፤ ህንድ ለዚሁ ሲባል በ2020 ራሱን የቻለ ሕግ አውጥታለች።

አካሄዱ ክፍል 6 ላይ አለ። ያላጠፋው ወገን ማስታወቂያ ሰጥቶ የመዝጊያውን ቀን ይወስናል፤ ቀኑ ከማስታወቂያው ከ20 ቀን በላይ መራቅ የለበትም። ከዚያ እያንዳንዱ ግብይት በገበያ ቢተካ ስንት ያወጣል ተብሎ ይተመናል፣ ያልተከፈለውም ይጨመርበታል። ቀሪው ለከሰረው ወገን የሚደርስ ከሆነም ይከፈላል። በ1992ቱ ቅጽ ግን ያላጠፋው ወገን ምንም ሳይከፍል እንዲወጣ የሚፈቅድ ምርጫ ነበር። መቅረቱ ተገቢ ነው እላለሁ።

ብዙ ያቆየኝ የሜታቫንቴ ጉዳይ ነው። የአሜሪካው ኢንቨስትመንት ባንክ ሌማን ብራዘርስ መስከረም 2008 ላይ ሲከስር፣ ሜታቫንቴ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሌማን ንዑስ ኩባንያ ጋር የወለድ ስዋፕ ነበረው። ወለድ ወርዶ ስለነበር ውሉን ቢዘጋ ከፋዩ ሜታቫንቴ ራሱ ነው። ስለዚህ አልዘጋም፤ ሌላው ወገን ባጠፋ ጊዜ መክፈል ግዴታ አይደለም የሚለውን ክፍል 2(ሀ)(3)ን ጠቅሶ ክፍያውን ብቻ አቆመ። የኒው ዮርክ የኪሳራ ፍርድ ቤት በ2009 ውሉን የመዝጋት መብትህን በጊዜው አልተጠቀምክበትም፣ ክፈል አለው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ይህንኑ ክፍል 2(ሀ)(3) ያዩት በሌላ መንገድ ነው፤ ቀጥሎ የማነበው የእነሱን ውሳኔ ነው።